ለእመቤት ባል የፈለግኩላት ሳምንት

ከአበባ ጋር ተጣልቶ የሚያውቅ አለ? እኔ ተጣልቻለሁ። ጥፋቱ የአበባዋ እንዳልነበረ አሁን፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ አንገቴን ደፍቼ አምናለሁ። ያን ሳምንት ጠይቃችሁኝ ቢሆን ግን ጥፋቱም የእሷ፣ ብልግናውም የእሷ ነው ብዬ እምልላችሁ ነበር። ምስክርም ነበረኝ። ምስክሬ ጎረቤቴ እንድሪስ ልብስ ሰፊው ነው፤ እሱ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ውጫሌ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ስም መጻፍ ነበር። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከአምባሰል ሰው ስሙ በእኔ እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው። የራሴ ስም ግን ሁልጊዜ ጣጣ አለበት። አባቴ ሰይድ፣ እናቴ ወለተማርያም ናቸው። እኔ በእናቴ ወገን ክርስትና ተነሣሁ፣ ታላቅ እህቴ ከድጃ በአባታችን ወገን ሆነች። ቤታችን ውስጥ ኢዱም ፋሲካውም እኩል ይከበር ስለነበር ሁለታችንም ከእኩዮቻችን እጥፍ በልተን አድገናል። ይሄ ወሎ ውስጥ ማንንም አያስገርምም። ራቅ ብዬ ስሄድ ግን የእኔን ስም ከሰይድ ጋር ያየ ጸሐፊ ሁሉ ቀና ይልና "አባባ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ መሰለኝ" ይለኛል። "ስህተት የለም፣ እኔ ነኝ" እለዋለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ራሴኑ ታሳፍረኛለች።

ወደ አበባዋ ልምጣ። የከድጃ ልጅ ዘሀራ አሁን በምንኖርባት በሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ በጥቁር መረብ ጥላ ሥር፣ ኦርኪድ ታራባለች። ኦርኪድ ማለት አፈር የማይፈልግ፣ ከሰልና የዛፍ ቅርፊት በሞላው ጣሳ ውስጥ ሥሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ የሚኖር አበባ ነው። (ሥሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ የሚኖር ነገር! ከዚህ ጀምሬ መጠርጠር ነበረብኝ።) ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሦስት ቅጠል ይዞ ዝም ይልና፣ አንድ ጠዋት ሲያብብ ሰው ያስደነግጣል። ዘሀራ ደግሞ ያለውን በማራባት አታበቃም፤ ሁለቱን ታዳቅልና ማንም ያላየው አዲስ አበባ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ጥበቃው በወር የሚያልቅ አይደለም። አሁን የምነግራችሁ አበባ እስክታብብ ሰባት ዓመት ፈጅቷል።

ከእነዚያ ስድስቱን ዓመት ውሃ ያጠጣችው ከድጃ ነበረች። በትንሽ ኩባያ፣ እያንዳንዷን እያነጋገረች። የፈረንጅ ስማቸው አልያዝላት ስላለ የራሷን ስም አወጣችላቸው። ትልቋን ነጭ እመቤት አለቻት። ወይን ጠጁን፣ ደረቱን የነፋውን፣ ደጃች አለችው። ከጅማ የመጣውን ትንሽ ቢጫ ደግሞ ሎሚዬ። ዘሀራም በዚሁ ለመደች። ታዲያ አምና ከድጃ ዐረፈች። ዘንድሮ ያቺ አዲሷ አበባ ፈነዳች፤ ሙሉ ነጭ ሆና ከንፈሯ ብቻ ወይን ጠጅ። ዘሀራ ያየቻት ቀን እኔ ቤት ድረስ ሮጣ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። "ስሟን ከድጃ እላታለሁ፣ አጎቴ" አለችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ የእህቴ ነገር ገና አልወጣልኝም።

ግን ስም እንዲሁ አይወጣም። ቅዳሜ ደሴ የአበባና የችግኝ ትርዒት አለ። ከአዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ ትመጣለች፤ አበባዋን አይታ፣ ወላጆቿ በትክክል መጻፋቸውን አረጋግጣ፣ ወረቀቱን የዓለም ኦርኪድ ሁሉ ወደሚመዘገብበት ትልካለች። ወላጅ ከተሳሳተ ስም የለም። ባለሙያዋ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው።

"አጎቴ፣ መለያዎቹን ፀሐይና ውሃ በልቷቸዋል" አለችኝ ዘሀራ። "እኔ ሐሙስና አርብ ደሴ ቦታ ሳዘጋጅ፣ አንተ በዚያ ውብ ጽሑፍህ ትገለብጥልኛለህ?"

ውብ ጽሑፍህ አለች! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያስጽፈኝ ጠፍቶ፣ እስክሪብቶዬን በኪሴ ይዤ ስዞር ለኖርኩት ሰውዬ። ከዚያ ቃል በኋላ የተናገረችውን በደንብ የሰማሁ አይመስለኝም።

"እናት ትቀድማለች" አለች። "እናት የምንላት ፍሬውን የተሸከመችውን ነው። ከእሷ ቀጥሎ የማባዛት ምልክት፣ ከዚያ ብናኙን የሰጠው አባት። አንደኛው ወላጅ ራሱ ድቅል ከሆነ የእሱን ወላጆች በቅንፍ ታስገባለህ። ገባህ?"

"ገብቶኛል።" በሕይወቴ ገብቶኛል ብዬ በእውነት የገባኝ ነገር በጣት የሚቆጠር ነው።

"ልጁስ ማን ይባላል?" አልኳት።

"ልጁ ስም የለውም ገና።"

"ስም ሳይኖረው ወላጆቹ ብቻ ይጻፉለታል?"

"አዎ።"

"እሺ። ይቺ እመቤት እዚህ ጣሳ ላይ እናት ናት፤ እዚያኛው ላይ ደግሞ አባት ተብላ ተጽፋለች።"

"ሁለቱንም መሆን ትችላለች። አንዷ አበባ ላይ ወንዴውም ሴቴውም አለ።"

ይሄን ስትለኝ ቀበቶዬን ጠበቅ አደረግኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጥላው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። መለያ የሚባለው ከነጭ ጀሪካን የተቆረጠ፣ ጣት የሚያክል ፕላስቲክ ነው። አሮጌውን ከጣሳው ነቅዬ፣ አዲሱን ጽፌ፣ እዚያው እተክላለሁ። አሮጌዎቹን በክር አስሬ በፖስታ ከተትኳቸው፤ መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው የተጻፈ ነገር አይጥልም። እንድሪስም የሸሚዝ ቁልፍ ሊተክል ሥራውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ለወሬ እንጂ ለቁልፉስ ቤቱም ብርሃን ነበረው።

የመጀመሪያውን መለያ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ስንት ዘመን ሙሉ አባት ስጽፍ ኖሬ፣ እናት ከፊት? የእናት ስም የሚጻፍበት መስመርም አልነበረኝ። "እንድሪስ፣ ይቺ ልጅ እናቷ ስለሞተችባት እኮ ነው፤ ሐዘኑ ነው እናት እናት የሚያሰኛት" አልኩት።

"አላህ ያጽናት" አለ እንድሪስ። "አንተ ብታስተካክልላት ምን አለበት?"

አስተካከልኩላት። አባትን አስቀደምኩ። አርባ መለያ እንዲያ ጻፍኩ። ጽሑፉ ደግሞ ሲያምር!

መጨረሻ ላይ የእመቤት... ምን እላለሁ፣ የልጇ ጣሳ ቀረች፤ ከድጃ የምትባለዋ። አያችሁ፣ አሁን ሳወራው እንኳ ያምታታኛል። የእሷን መለያ ዓይኔን አጥብቤ አነበብኩት፤ እመቤት፣ የማባዛት ምልክት፣ ከዚያ በቅንፍ ውስጥ እመቤት በደጃች። እመቤት ሁለት ጊዜ።

"ድግግሞሽ ነው" አልኩ። መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ያጋጥማል፤ ጸሐፊው ሲያንቀላፋ አንዱን ሰው ሁለቴ ይጽፋል።

"ቆይ እስቲ" አለ እንድሪስና ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። አንድ ትልቅ ነጭ ቁልፍ አስቀመጠ። "እመቤት ይቺ ትሁን።" አጠገቧ አንድ ወይን ጠጅ። "ይሄ ደጃች።" ከሥራቸው አንድ ግራጫ። "ቅንፍ ውስጥ ያለው የእነሱ ልጅ ነው ማለት ነው። አሁን ይሄን ልጅ..." ግራጫውን በጣቱ እየገፋ ወደ ላይ ወሰደው፤ ወሰደው፤ ትልቋ ነጭ ቁልፍ አጠገብ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ።

"አስተግፊሩላህ!" አለ።

"ምንድን ነው?"

"ከገዛ እናቱ ጋር ነው!"

እኔም አየሁት። ዞር ብዬ እመቤትን አየኋት። ነጭ ልብሷን ለብሳ ምንም እንዳልሠራች ቁጭ ብላለች።

እንግዲህ ፍረዱ። እኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ቆጥሬ የሰው እጮኝነት ያፈረስኩ ሽማግሌ ነኝ። እንድሪስ በበኩሉ፣ "በእኛ የአጎት ልጅ ይፈቀዳል፤ ይሄ ግን ወላሂ በየትኛውም ኪታብ የለም" አለኝ። የአበባዋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ከዚህ ጋብቻ የተወለደችው አበባ ከድጃ ተብላ ልትጠራ ነው! የእህቴ ስም፣ በሐይቅም በደሴም ጨዋ የተባለች እህቴ ስም፣ በእንዲህ ያለ የዘር ሐረግ ላይ ተለጥፎ ለዓለም ሊላክ! ዘሀራ ሳታስተውለው የገባ ስህተት መሆን አለበት ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

"ባል እንፈልግላት" አለ እንድሪስ።

ተነሣን። ሁለት ሽማግሌ፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ ከጣሳ ጣሳ ዞርን። ወይን ጠጁን፣ ደጃች የተባለውን፣ መልሰን ልንጽፈው አስበን ነበር፤ እንድሪስ ግን "እሱማ ቤቱ ውስጥ ይሄ ሁሉ ሲሆን ዝም ብሎ ያየ ሰው ነው፤ አይሆንም" አለ። ሌሎቹ ሁሉ የእመቤት ልጆች፣ ወይም የልጅ ልጆች፣ ወይም ሁለቱንም ሆኑብን። አንዱን የልጇ ወንድም ነው ስንል የልጇ ልጅም ሆኖ ተገኘ። ራሴ ዞረ። በመጨረሻ ጥግ ላይ ሎሚዬን አገኘነው። ትንሽ፣ ቢጫ፣ ትሑት። ከጅማ የመጣ፤ እዚህ አገር አንድም ዘመድ የሌለው።

"ይሄ ጨዋ ይመስላል" አለ እንድሪስ።

ጻፍኩ፤ ሎሚዬ በእመቤት። ቅንፍ የለ፣ ምን የለ። ንጹሕ ጋብቻ። ቤቴ ስገባ አንድ ነፍስ ያዳንኩ ያህል ተሰማኝ።

አርብ ዘሀራ ደክሟት ተመለሰች። ጽሑፉን ከሩቅ አይታ "እጅህ ይባረክ፣ አጎቴ" አለችና ጣሳዋን በካርቶን አሽጋ ጠቀለለቻት። ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። አበባዋን እስከ ደሴ ጭኔ ላይ ይዤ፣ ሚኒባሱ ጎድጓዳ በገባ ቁጥር "ቀስ! ቀስ በል እንጂ!" እያልኩ ሾፌሩን አስመረርኩት።

ባለሙያዋ ረጋ ያለች፣ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት ናት። አበባዋን ዞራ አየቻት፤ "አቤት፣ አቤት" አለች። የዘሀራ ጉንጭ በራ። ከዚያ ባለሙያዋ መነጽሯን አድርጋ መለያውን አነበበች። የዘሀራን ቅጽ አየች። እንደገና መለያውን።

"ቅጹ ላይ ሌላ ነው፤ መለያው ላይ ሌላ ነው" አለች። "መለያው ወላጇ ሎሚዬ ነው ይላል፤ ያውም እናት ቦታ ላይ ተጽፎ። አምና ያሳየሽኝ ያ ቢጫ ወላጇ ቢሆን አንድ ቦታ ቢጫ ነገር ይታይባት ነበር። የትኛውን ልመን?"

ዘሀራ ጎንበስ ብላ መለያዋን አየች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ሌላ ምን አለኝ? ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቅንፉን፣ ቁልፎቹን፣ ሰባት ቤቱን። ትርዒት ሊያይ የመጣው ሰው ከበበን።

"አጎቴ፣ አበባ ናት እኮ!" አለች ዘሀራ።

"ቢሆንስ?" አሉ ከኋላ አንዲት እናት። "እናትና ልጅ? ኧረ ወዲያ! ሰውየው ልክ ናቸው!" አንዱ "ሳይንስ ነው" አላቸው። "ሳይንስ ከሆነ ነውር ይቀራል እንዴ?" ብለው አፋጠጡት። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ደግነቱ የበዛው ከእኔ ጋር ነበር፤ ክፋቱ ባለሙያዋ አልነበረችበትም።

"እናትየውን ከልጇ መልሶ ማዳቀል የታወቀ ሥራ ነው፤ የእናትየውን መልክ ለማጽናት ነው" አለችኝ በትዕግሥት። "ለእኔ የቸገረኝ ማስረጃው ነው። የተጣረሰ ወረቀት ልልክ አልችልም። ከተዳቀለችበት ጊዜ ጀምሮ ከጣሳዋ ጋር የኖረው አሮጌ መለያ አለ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሄዳለሁ።"

ዘሀራ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ካርቶኗ ላይ ቁጭ አለችና "እማዬ ስድስት ዓመት አጠጥታት ሳታያት ሞተች" አለች። "አሁን ስሟን እንኳ ላላወጣላት ነው?"

ስልኬን አውጥቼ ለእንድሪስ ደወልኩ። "ቤቴ ግባ፣ ሣጥኔን ክፈት፣ ፖስታ አለ።"

"የቱ ፖስታ? ዐሥራ አንድ ፖስታ ነው ያለው።"

"ላዩ ላይ ጽፌበታለሁ።"

"'የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ቁልፎች' ይላል።"

"እሱ አይደለም።"

"'ያለቁ እስክሪብቶዎች።' አንተ ሰውዬ፣ ያለቀ እስክሪብቶ ምን ያደርግልሃል?"

"እንድሪስ፣ በአላህ!"

"እሺ እሺ፣ አብሽር... 'ያገለገሉ የአበባ መለያዎች።' አገኘሁት። መጣሁ።"

መጣሁ ማለት ቀላል ነው። ሰሞኑ የግሸን ማርያም ንግሥ ነበርና መኪናው ሁሉ ተሳላሚ ጭኖ ወጥቷል። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ስምንት ተኩል ላይ ባለሙያዋ ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ በር ላይ ቆሜ በማርያምም በነቢዩም እለምን ነበር፤ የሁለቱም ወገን ልጅ መሆን ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ዘጠኝ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ጤፍ የጫነ አይሱዙ የትርዒቱ አዳራሽ በር ላይ ቆመ። እንድሪስ ከጆንያዎቹ ላይ አቧራ ለብሶ ወረደ፤ ፖስታውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጥፎታል።

ክሩን ፈታሁ። መለያዋን አገኘኋት። ባለሙያዋ ተቀብላ አየቻት። ሐሙስ ዓይኔን አጥብቤ ያነበብኩት የማርከር ጽሑፍ በመንገዱ መፋተግ ጭራሽ ጠፍቷል። ጥላ ብቻ ቀርቷል።

"አይነበብም" አለች። ለማሳየት ገልበጥ አደረገቻት። ወደ መስኮቱ ሄዳ በብርሃን አዘነበለቻት።

"ጀርባዋ ላይ በእርሳስ ተጽፏል" አለች። "እርሳስ ፀሐይም ውሃም አይነካውም።"

ሄጄ አየሁ። ጽሑፉን ሳላነብ እጁን አወቅኩት። ከድጃ ናት። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ትልቅ ሴት ሆና ነው፤ ፊደሎቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ነው የሚቆሙት። እንዲህ ይላል፤ "እመቤት በቅንፍ እመቤት በደጃች።" ቅንፍ የሚለውን ምልክቱን ትታ በፊደል ጽፋዋለች። ከሥሩ፤ "ዘሀራ አዳቀለቻት። ጣሳውን እኔ ያዝኩላት። ከድጃ።"

ዘሀራ መለያዋን ተቀብላ ከንፈሯ ላይ ያዘቻት። እኒያ እናት እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ከድጃ አውቃ ነው የጻፈችው" አለኝ። "ጨዋዋ ከድጃ ካልደነገጠች፣ እኛ ምን ሆነን ነው ቁልፍ የበተንነው?" የእኔን ስም አይተው ስህተት አለ የሚሉት ጸሐፊዎች በሙሉ በዓይኔ መጡብኝ። እኔም እንደነሱው ነኝ ለካ!

ባለሙያዋ ቅጹ ላይ ፈረመች። "አዲስ መለያ ይጻፍላት" አለች። ዘሀራ ማርከሩን ለእኔ ዘረጋችልኝ። እኔ እሷን ብሆን ለእኔ አልሰጥም ነበር። ከድጃ ብዬ ጻፍኩና፣ ልማድ አይለቅም፣ "የአባት ስም አይጨመርም?" ስል ወጣኝ።

"አጎቴ!"

"ተውኩት፣ ተውኩት።"

እሑድ ሙሉ ቀን አርባውን መለያ እንደገና ስጽፍ ዋልኩ። እናት ከፊት፣ አባት ከኋላ፣ ቅንፍ በየቦታው። አሁንም ማን የማን አክስት እንደሆነች አልገባኝም፤ ግን አልጠየቅኩም። ስጨርስ ጥቂት ባዶ መለያ ተረፈኝ። ትርፍ ነገር እጄ ላይ ሲቀር አልወድም። የተረፉትን ይዤ ቤቴ ገባሁና፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አንዷ ላይ ወለተማርያም ብዬ ጻፍኩ። የማባዛት ምልክት አደረግኩ። ሰይድ ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ደጄ ላይ ያለው የጤና አዳም ጣሳ ውስጥ ተከልኳት። እናቴ በሕይወቷ አንድም ቀን ስሟ በእኔ እጅ አልተጻፈም ነበር፤ የአገሩን ሁሉ ስም በጻፍኩት ልጇ እጅ።

እንድሪስ መጣ። ጎንበስ ብሎ አነበበ።

"ይሄ ጤና አዳም አይደለም እንዴ?"

"ጤና አዳሙ አይደለም። እኔ ነኝ።"

"እናትህን አስቀደምካት?"

"የተሸከመችኝ እሷ ናት።"

አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ሐይቁ እያየ፣ "ትርፍ አለህ?" አለኝ።

አንድ መለያ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

"ዘምዘም" አለኝ። "ዘምዘም በል። የእናቴን ስም ማንም ጽፎት አያውቅም።"

ባለኝ ጽሑፍ ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩለት። የማባዛት ምልክቱን አደረግኩና "አባትህስ?" ስለው፣ መለያዋን ከእጄ ወሰዳት፣ በአውራ ጣቱ አበሰ አበሰ አደረጋት።

"ቆይ" አለኝ። "ትንሽ ብቻዋን ትቆይ።"